ካሜራው የማያሳያችሁ ስታዲየም፦ የጥሪ ክፍሉ፣ አምስት ሳንቲሜትሩ እና «ፎቶው ተነካክቷል» የምትሉት ነገር

[ምስል፦ ከመነሻ መስመሩ ጀርባ የተደረደሩ ቅርጫቶች። ድምፅ የለም።]

እስኪ ይህን ምስል በደንብ እዩት። ቅርጫት ነው። ከእያንዳንዱ ቅርጫት ኋላ አንድ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። የ100 ሜትር ፍጻሜ ስንቴ አይታችኋል? መቼም ብዙ ጊዜ። እነዚህን ሰዎችስ? አይታችሁም አላያችኋቸውም።

ሰላም ሰላም፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሩጫ ነው፤ ነገር ግን አንድም ሰው ሲሮጥ አላሳያችሁም። የቅጂ መብት ስለምፈራ ብቻ አይደለም። እሱም አለበት፣ አልዋሽም። ርዕሳችን ግን ከካሜራው ጀርባ ያሉት ናቸው፤ በኦሊምፒክ፣ በዓለም ሻምፒዮና ላይ ቅርጫት የሚሸከሙት፣ ጫማ የሚለኩት፣ በር ላይ የሚቆሙት። ደግሞ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ኋላ ኮመንት ላይ እንዳንጨቃጨቅ።

እኔም አንድ ጊዜ ቅርጫት ተሸክሜያለሁ። የትኛው ውድድር ላይ እንደሆነ ይቅር። ሥራው ምን መሰላችሁ? አትሌቱ ቱታውን አውልቆ ይጥላል። «በቦታችሁ» ሲባል ትንፋሻችሁን ውጣችሁ ትቆማላችሁ። ተኩሱ እንደተሰማ ቅርጫቱን ብድግ አድርጋችሁ በዋሻው በኩል እብስ! ምክንያቱም ሰውየው ከ10 ሰከንድ በኋላ ጨርሶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ቱታውን ይፈልጋል። የዓለምን ፈጣን ሰዎች ጀርባ ከሁለት ሜትር ርቀት አይቻለሁ፤ ማን እንዳሸነፈ ግን የሰማሁት በር ላይ ከቆመው ጥበቃ ነው። እሱም ስሙን አጣሞ ነው የነገረኝ።

በለንደን 2012 እንዲህ ያሉ በጎ ፈቃደኞች 70,000 ያህል ነበሩ። በፓሪስ 2024 ደግሞ 45,000። ደመወዝተኛውን ሳንቆጥር ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል? ከሞላ ጎደል አንድ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ለአንዱ የሆነው ለሌላውም በትክክል እንዲሆን ማድረግ። ቀላል ይመስላል አይደል? ቆዩ።

[ምስል፦ የተዘጋ በር፣ ከላይ ሰዓት።]

ከቅርጫቱ በኋላ ወደ ጥሪ ክፍል አዛወሩኝ፤ አትሌቶች ከውድድር በፊት ተሰብስበው የሚፈተሹበት ክፍል ነው። የጥሪ ክፍል ማለት ኤርፖርት ነው። ይህችን ምሳሌ በጣም ስለምወዳት ትንሽ ታገሱኝ።

ኤርፖርት ስትሄዱ ትኬታችሁ ላይ ያለው ሰዓት አውሮፕላኑ የሚነሳበት ነው። በሩ የሚዘጋው ግን ቀደም ብሎ ነው። እዚህም እንደዚያው። በፕሮግራሙ ላይ የምታዩት ሰዓት ተኩሱ የሚሰማበት ነው፤ የጥሪ ክፍሉ በር የሚዘጋው ከዚያ በፊት ነው፣ እንደ ውድድሩ ዓይነት ግማሽ ሰዓትም ከዚያ በላይም ቀደም ብሎ። አትሌቱ ማሟሟቂያ ሜዳው ላይ «ገና ጊዜ አለኝ» እያለ ሲዘል በሩ ሊዘጋ ይችላል።

በሩን አልፋችሁ ገባችሁ እንበል። ቀጥሎስ? ፍተሻ። ኤርፖርት ጫማ አውልቁ ይሏችኋል፤ እዚህም አውልቁ ይላሉ። ዳኛዋ እስፓይኩን ትገለብጠውና ከሥሩ ያሉትን ሹል ጥርሶች በጣቷ ጫፍ ትቆጥራለች። ከ11 መብለጥ የለባቸውም። በመሙ ላይ ደግሞ ርዝመታቸው ከ9 ሚሊሜትር አያልፍም። ከዚያ ቦርሳ ይከፈታል። ስልክ ይወጣል፣ የጆሮ ማዳመጫ ይወጣል። ኤርፖርት ላይ የውኃ ጠርሙሱን ቀምተው እንደሚጥሉባችሁ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ስልኩ ላስቲክ ውስጥ ተከትቶ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ ማታ ለባለቤቱ ይመለሳል።

ቦርዲንግ ፓሱስ? የደረት ቁጥሩ ነዋ! አራት መርፌ ቁልፍ፣ አራት ማዕዘን። ማጠፍ ክልክል ነው፣ መቁረጥ ክልክል ነው። አንዳንዷ ረጅም ርቀት ሯጭ ከመቅጠኗ የተነሳ ቁጥሩ ከጎን እስከ ጎን ይሸፍናታል፤ ጫፉን አጠፍ ልታደርገው ስትል ታያላችሁ። «ይቅርታ፣ አይቻልም።» በቀን ስንት ጊዜ እንዳልኩት አልቆጠርኩም።

ከዚያ መጠበቂያው ክፍል ነው። እዚህ ጋ ነው ምሳሌዬ የሚያምርብኝ። ኤርፖርት መጠበቂያ ውስጥ ሁሉም ሰው ወደየራሱ መቀመጫ ነው የሚሄደው። እዚህ ግን ስምንቱም ዘጠኙም ተሳፋሪ የሚፈልገው አንድ መቀመጫ ነው! እና ፊት ለፊት ያስቀምጧቸዋል። ዝም። አንዱ ጉልበቱን ያንቀጠቅጣል። አንዷ ጫማዋን ታስራለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች። አንዱ ደግሞ ጣሪያ ላይ ያለውን መብራት ያያል። እኔ ውድድሩ ያለው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው ባይ ነኝ፤ መሙ ላይ የምታዩት ውጤቱን ነው። አሰልጣኝ የሆናችሁ ካላችሁ ተሳስተሃል ልትሉኝ ትችላላችሁ።

በረራው ቢያመልጥስ? ሙኒክ 1972። አሜሪካውያኑ ኤዲ ሃርት እና ሬይ ሮቢንሰን የ100 ሜትር ሜዳሊያ ይጠበቅባቸው ነበር። አሰልጣኛቸው የያዘው ፕሮግራም አሮጌ ነበር። አውቶቡስ እየጠበቁ ቴሌቪዥን ላይ ዓይናቸውን ጣል ሲያደርጉ የራሳቸውን ማጣሪያ አዩት። ሌሎቹ ይሮጣሉ፣ እነሱ ግን የሉበትም። በዚያው ኦሊምፒክ ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ የ5,000 ሜትር ማጣሪያው ግን አመለጠው። ኤርፖርት ላይ በረራ ሲያመልጣችሁ «በሚቀጥለው» ይሏችኋል። የምሩፅ የሚቀጥለው በረራ ሞስኮ 1980 ነበር፤ በመካከሉ በነበረው በሞንትሪያሉ ኢትዮጵያ አልተሳተፈችምና። ስምንት ዓመት ጠብቆ በሁለቱም ርቀት ወርቅ ይዞ ወጣ። ምን ዓይነት ሰው ነው በእግዚአብሔር!

እሺ፣ ከኤርፖርት እንውጣ። ላይክ ያላደረጋችሁ እዚች ጋ አድርጉ፣ እኔም ውኃ ልጠጣ።

[ምስል፦ ማስመሪያ፤ አምስት ሳንቲሜትር ላይ ጣት ያረፈበት።]

ይህችን ጣት እዩዋት። አምስት ሳንቲሜትር። ሲድኒ 2000፣ የሴቶች ጂምናስቲክ። ልጆቹ እየሮጡ መጥተው እጃቸውን የሚያሳርፉበት የመዝለያ መሣሪያ ቁመቱ 125 ሳንቲሜትር መሆን ነበረበት፤ 120 ላይ ነበር የተተከለው። አንዷ ወደቀች፣ ሌላዋ ወደቀች። ከወደቁት አንዷ ለወርቅ የምትጠበቀው ሩሲያዊቷ ስቬትላና ኮርኪና ናት። ሁሉም «ምን ነካቸው?» ይላል። በመጨረሻ ትንሽ ዝቅ ብሏል ያለችው አንዲት አውስትራሊያዊት ተወዳዳሪ ናት። ሲለካ እውነትም! እንደገና መዝለል ለፈለገ ዕድል ሰጡ። ግን ወድቃችሁ፣ ተስፋ ቆርጣችሁ፣ በሌላ መሣሪያም ተበላሽቶባችሁ «በሉ ድገሙት» ቢሏችሁ ምን ይጠቅማል? አንድ ሰው ሜትር ይዞ አንድ ጊዜ ጎንበስ ቢል ኖሮ!

የተገላቢጦሹም አለ። ቪየና፣ መስከረም 2021። ደራራ ሁሪሳ ማራቶኑን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ብዙም ሳይቆይ ተሰረዘ። የጫማው ሶል 5 ሳንቲሜትር ነበር፤ የሚፈቀደው 4 ነው። አሸናፊው ኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት ሆነ። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሮጦ በአንድ ሳንቲሜትር! ብዙዎቻችሁ ያኔ ተናዳችሁ ነበር፣ እኔም ተናድጄ ነበር። ጥሪ ክፍል ውስጥ ከሠራሁ በኋላ ግን ንዴቴ አቅጣጫ ቀየረ። ጫማ የሚለካው ከሩጫው በፊት ነው እንጂ ሰውየው አሸንፎ እጁን ካነሳ በኋላ አይደለም።

አሁን ቴክኒካሉን ቶሎ ቶሎ። መሠረቱን ታውቁታላችሁ፦ ሯጮቹ እግራቸውን ደግፈው የሚነሱበት ማስነሻ ላይ እንቅስቃሴን የሚለይ ሴንሰር አለ፣ ከተኩሱ በኋላ ከ0.100 ሰከንድ በታች የተንቀሳቀሰ ፎልስ ስታርት (ቀድሞ መነሳት) ነው፣ ከኋላ የሚገፋ ነፋስ በሰከንድ ከ2.0 ሜትር ካለፈ ክብረ ወሰን አይመዘገብም። አለቀ። እኔ የምወደው ድምፅ ማጉያዎቹን ነው። ከእያንዳንዱ ሯጭ ኋላ የተኩሱን ድምፅ የሚያሰማ አንድ አንድ ድምፅ ማጉያ አለ። ለምን? ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። አንድ የሩጫ መስመር 1.22 ሜትር ስፋት አለው። የፓሪሱን የ100 ሜትር ፍጻሜ አስታውሱ፤ አሜሪካዊው ኖህ ላይልስ በ7ኛው መስመር፣ ጃማይካዊው ኪሼን ቶምፕሰን በ4ኛው። በመካከላቸው 3.66 ሜትር። ተኳሹ እንደ ድሮው ሽጉጥ ይዞ 1ኛው መስመር አጠገብ ቢቆም፣ ድምፁ ቶምፕሰን ጋ በ0.01 ሰከንድ ያህል ቀድሞ ይደርስ ነበር። ላይልስ ያሸነፈው በስንት ነው? 9.784 ለ9.789። በ0.005! ያቺን ድምፅ ማጉያ የሚያገናኝ፣ ገመዷን የሚፈትሽ ሰው አለ። ስሙን የሚያውቅ የለም።

[ምስል፦ የኮመንት ሳጥን።]

እዚህ ጋ ቪዲዮው ሊያልቅ ነበር። ግን ባለፈው የፓሪሱን ፍጻሜ፣ አሸናፊውን የለየውን የማጠናቀቂያ መስመር ፎቶ ሳነሳ የጻፋችሁልኝን ኮመንት ሳልመልስ እንቅልፍ አይወስደኝም። «ፎቶው ተነካክቷል።» «እግራቸውን እየው፣ እንደ ስኪ ተለጥጧል፣ ይሄ ፎቶሾፕ ነው።» «የቶምፕሰን እግር ቀድሞ እያለ እንዴት ሁለተኛ ይሆናል?» አንዱማ «ፎቶ አንሺው አሜሪካዊ ነው» ብሏል። ወንድሜ፣ ፎቶ አንሺ የለም!

ረጋ ብለን እንየው። ገርበብ ባለ በር ስንጥቅ እያያችሁ ነው እንበል። ስንጥቁ በጣም ጠባብ ነው፤ የሚታያችሁ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ሰው ያልፋል። መጀመሪያ አፍንጫው፣ ቀጥሎ ጉንጩ፣ ከዚያ ጆሮው። ያያችሁትን እያንዳንዱን ቀጭን ቁራጭ ጎን ለጎን ብትለጥፉት ሰውየውን ታገኛላችሁ። የማጠናቀቂያው ካሜራ ይህንን ነው የሚሠራው። መስመሩን ብቻ ነው የሚያየው፣ ሌላ ምንም። በፓሪስ በሰከንድ እስከ 40,000 ቁራጭ የሚያነሳ ነበር።

ስለዚህ ያ ምስል የአንድ ቅጽበት ፎቶ አይደለም። ቦታው አንድ ነው፣ ሰዓቱ ነው የሚለያየው። ከዳር እስከ ዳር ስታዩት የምታዩት ርቀት ሳይሆን ጊዜ ነው። አሁን የስኪውን ነገር አስቡት። ሯጩ እግሩን ልክ መስመሩ ላይ ቢያሳርፍ፣ እግሩ መሬት ነክቶ እስኪነሳ ድረስ ካሜራው ያንኑ እግር ደጋግሞ ያነሳዋል። ደጋግሞ ሲለጠፍ ይረዝማል። ስኪ ሆነ! በተቃራኒው ወደ ፊት የተወረወረ እጅ በፍጥነት ስለሚያልፍ ይቀጥናል። ምስሉን የነካካው ሰው የለም፤ እግሩ ነው ቆሞ የጠበቀው።

«እግሩ ቀድሟል» ላላችሁት ደግሞ፣ አዎ፣ ሊቀድም ይችላል። አይቆጠርም። የሚቆጠረው ደረት ነው፣ ማለትም ግንዱ። ራስ አይቆጠርም፣ አንገት አይቆጠርም፣ እጅና እግር አይቆጠርም። ዳኛው ቀጥ ያለች መስመር እየጎተተ ደረቱ ጠርዝ ላይ ያሳርፋታል፣ ሰዓቱ ይነበባል። በዚያ ፍጥነት 0.005 ሰከንድ ስንት ነው? አምስት ሳንቲሜትር ገደማ። ያቺ ጣት እንደገና መጣች።

በይፋ የተጻፈው ሰዓት ግን የሁለቱም 9.79 ነው፤ ወደሚቀጥለው መቶኛ ስለሚጠጋጋ። ይህን ደግሞ «አቻ ናቸው» ብላችሁ ኮመንት እንዳትጽፉብኝ።

[ምስል፦ ረጅም ኮሪደር፣ ማታ።]

አንድ ሰው ቀረ። አትሌቷ ጨርሳለች፣ ባንዲራ ለብሳለች፣ እያለቀሰች ነው። አጠገቧ ባጅ ያንጠለጠለች አንዲት ሴት ወረቀት ይዛ ቆማለች። የዶፒንግ አጃቢ ናት። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ናሙና እስክትሰጥ ድረስ ከዓይኗ አትሰወርም፤ ጋዜጠኞቹ ጋ አብራት፣ ሽልማቱ ጋ አብራት፣ ሽንት ቤት አብራት። የሚፈለገው ሽንት ቢያንስ 90 ሚሊ ሊትር ነው። ሁለት ሰዓት በሙቀት ሮጣችሁ 90 ሚሊ አምጡ ስትባሉ ይታያችሁ! 80 ቢሞላ ይታሸግና እንደገና ይጠበቃል። ቶሎ ይምጣልኝ ብለው ውኃ ሲያንቆረቁሩ ደግሞ ሽንቱ ይቀጥንና «በዝቷል ውኃው፣ ሌላ» ይባላል። ስታዲየሙ ባዶ ሆኖ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ውኃ ሲጎነጩ አይቻለሁ። አንዷ ሻምፒዮን ናት። ሌላዋ በማግስቱ ጠዋት ፈተና ያለባት ተማሪ ነበረች።

ናሙናው ሁለት ጠርሙስ ይገባል፣ ይታሸጋል፣ እስከ 10 ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። መሠረት ደፋር በቤጂንግ 2008 በ5,000 ሜትር ሦስተኛ ሆና ነሐስ ወሰደች። ከፊቷ የነበረችው ኤልቫን አበይለገሰ ውጤቷ ከዓመታት በኋላ ተሰረዘ፤ የመሠረት ነሐስ ብር ሆነ።

በሚቀጥለው ቪዲዮ የማራቶንን ጎዳና በብስክሌት ስለሚለኩት ሰዎች ነው። «ሰዓቴ 42.6 አለኝ፣ መንገዱ ረዝሟል» የምትሉት እስከዚያ ኮመንታችሁን ያዙልኝ፤ ለእናንተም መልስ አለኝ። ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ቸር ያገናኘን።