ቆርቆሮው ሲጮህ ምን እንሳል?

(ከሐዋሳ የተቀዳ የፖድካስት ውይይት በጽሑፍ። እሷ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ እሱ የሁለት ልጆች አባት ነው። ዝግጅቱን አብረው ያቀርባሉ።)

እሱ፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ነሐሴ ነው፣ ሐዋሳ ነን። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል፤ እስካሁን ግን አልጣለም። ቲቸር፣ እንዴት ነሽ?

እሷ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ? ልጆቹስ?

እሱ፦ ደህና ናቸው። ትንሿ ግን ቤት መዋል ሰልችቷታል። ትምህርት ከተዘጋ ወዲህ ቴሌቪዥን ላይ ተጥዳ ነው የምትውለው። የዛሬውን ርዕስ ያመጣሁትም በሷ ምክንያት ነው። አንቺ ክረምት ክረምት ልጆች ሰብስበሽ ሥዕል ታስተምሪያለሽ። እስቲ ክፍሉን አሳዪን።

እሷ፦ ዘንድሮ 35 ልጆች አሉኝ፤ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ዝናብ ሲመጣ የፊተኛው ወንበር ላይ ያለው ልጅ እንኳ አይሰማህም። መጀመሪያ ሰሞን በጣም እበሳጭ ነበር። እስኪያባራ ድረስ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ እል ነበር።

እሱ፦ አሁንስ?

እሷ፦ አሁን ዝናቡን ራሱን እንስለዋለን። ገና ማካፋት ሲጀምር ወረቀትና ከሰል አድላለሁ። ከሰሉ ከቡና ምድጃ የተረፈ ነው፤ ቀጠን ያለውን እለቅማለሁ። ከዚያ «ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ጆሯችሁ የሰማውን እጃችሁ ይሳለው» እላቸዋለሁ። ሲያካፋ ነጥብ ነጥብ ያደርጋሉ። ሲጠነክር ጭረት ይሆናል። በረዶ ሲቀላቀልበት ማየት አለብህ! ባለፈው ሳምንት አንዲት የ2ኛ ክፍል ልጅ ከሰሉን ስትደቃ ደቅታ ወረቀቱን በሳችው። ሲያባራ ወረቀቱን አነሳችና በቀዳዳው አየችኝ። «ቲቸር፣ ይቺ በረዶ ናት» አለችኝ።

እሱ፦ ቀዳዳዋ?

እሷ፦ ቀዳዳዋ። ከሌሎቹ እኩል ግድግዳ ላይ ሰቀልናት።

እሱ፦ እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ኢንተርኔት ላይ የክረምት የልጆች ሥዕል ብዬ ፈለግኩ። የመጣልኝ በሙሉ የበረዶ ሰው ነው። አንዱን አትሜ ቀለም ቀቢ ብዬ ሰጠኋት። ትንሽ አየችውና «አባ፣ አፍንጫው ለምን ካሮት ሆነ?» አለችኝ።

እሷ፦ ልክ ናት እኮ። ያ የነሱ ዊንተር ነው። የነሱ ዊንተር ሲሆን፣ በታኅሣሥና በጥር፣ እኛ ጋ በጋ ነው፤ ፀሐይና አቧራ ነው። የኛ ክረምት ዝናብ ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም። የበረዶ ሰው መጥፎ ነው አልልም። በረዶ በሚወርድበት አገር ያለ ልጅ ጠዋት በሩን ሲከፍት የሚያየው እሱን ስለሆነ ይሳለው። የኛ ልጅ በሩን ሲከፍት የሚያየው ግን ጭቃ ነው። አልደርቅ ያለ ልብስ ነው። ላስቲክ የለበሰ የባጃጅ ሾፌር ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ብትሄድ ደግሞ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ አሞራዎች ዝናብ ላይ ትከሻቸውን ሰብስበው ይቆማሉ። ልጆች እነሱን መሳል ሲወዱ!

እሱ፦ ሽማግሌ ነው የሚመስሉት።

እሷ፦ አንዱ ልጅ ጋቢ አልብሷቸዋል። እኔም አላረምኩትም። ማረም ያቆምኩበት ምክንያት ግን አለኝ።

እሱ፦ ንገሪን።

እሷ፦ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ነው። ሐይቁን ሳሉ አልኳቸው። ሁሉም በሰማያዊ ሳሉ። አንድ ልጅ ብቻ ቡኒ አደረገው። አጠገቡ ሄድኩና «ሐይቅ ሰማያዊ ነው፣ በል አስተካክል» አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም። ላጲሱን አውጥቶ አጠፋው። ልጁ የሚኖረው ጥቁር ውሃ አካባቢ ነው። ወንዙ ወደ ሐይቁ የሚገባበትን ቦታ በየቀኑ ያያል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ በዚያ በኩል ሳልፍ ውሃው ቡኒ ነው። ጭቃ ይዞ የሚገባበት ቦታ ጥርት ብሎ ይለያል። ልጁ ያየውን ነበር የሳለው። እኔ ነኝ ያላየሁት።

እሱ፦ ነገርሽው?

እሷ፦ በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ክፍሉ ፊት። ድጋሚ ሳለው። ያ ሥዕል ዛሬም ቤቴ አለ። ከዚያ ወዲህ «ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ አልጠይቅም፤ «ንገረኝ» ነው የምለው። ወላጆችንም የምለምናቸው ይሄንኑ ነው። ለወላጆች ቀን ያምራል ተብሎ መምህሩ ሥሎ ልጁ ቀለም ብቻ የሚሞላበትን ነገር ብዙ ቦታ አይቻለሁ። 40 ልጅ፣ 40 አንድ ዓይነት ቢራቢሮ። እንደዚያ ሳይ ያመኛል።

እሱ፦ ግን ቲቸር፣ ቀለም ውድ ነው። ዛሬ አንድ ፓኮ ከለር መግዛት ለብዙ ቤት ቀላል አይደለም።

እሷ፦ ለዚህ ነው ጓዳ የምገባው። ቡና አተላ ቡኒ ይሰጣል። የቀይ ሥር ውሃ አለ። ከሁሉም የምወደው ግን እርድ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በግማሽ ሲኒ ሙቅ ውሃ በጥብጡ። ስንጥር ላይ ጥጥ ጠቅልሉ፣ ብሩሽ ሆነ ማለት ነው። ለአደይ አበባ ከዚህ የተሻለ ቢጫ አላውቅም። አሁን ጉዱ፦ ሲደርቅ የልብስ ሳሙና የሟሟበት ውሃ በሌላ ጥጥ ቀቡበት። ዓይናችሁ እያየ ወደ ቀይ ይለወጣል።

እሱ፦ ቀይ?

እሷ፦ እንደ ሸክላ ቀይ። ሎሚ ጠብ ስታደርግበት ደግሞ ወደ ቢጫው ይመለሳል። እርድ ሳሙናና አመድ ዓይነት ነገር ሲነካው ቀለሙን ይቀይራል፤ ሎሚ ደግሞ ይመልሰዋል። መጀመሪያ ቀን ያሳየኋቸው ጊዜ ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ፤ ዝናቡን በለጡት። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ልብስ ላይ ከነካ አይለቅም፣ አሮጌ ቲሸርት አልብሷቸው። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይም አትስቀሉት፣ ቶሎ ይደበዝዛል።

እሱ፦ ሙጫስ?

እሷ፦ ዱቄት። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ፣ ከዚያ የፈላ ውሃ ላይ እያማሰሉ መጨመር ነው። በክረምት ቶሎ ስለሚሻግት የዕለቱን ብቻ ሥሩ።

እሱ፦ ወደ በዓሉ እንምጣ። እኔ ልጅ ሆኜ ክረምቱን በሙሉ የምጠብቀው እንቁጣጣሽን ነበር። ሴቶቹ «አበባየሆሽ» ይላሉ፣ እኛ ወንዶቹ ሥዕል እናዞራለን። ከደብተር መሀል ወረቀት ገንጥዬ፣ ዙሪያውን በማስመሪያ አስምሬ፣ ፊት ያላት ፀሐይ እስላለሁ። መስከረም 1 በጠዋት ቤት ለቤት። ሳንቲም ስትገባ ኪሴ ሲከብድ!

እሷ፦ እየው፣ ይሄ የራሳችን የልጆች ሥዕል በዓል ነው። ልጁ ራሱ ይሥላል፣ ራሱ ይዞ ይሄዳል፣ ጎረቤት ተቀብሎ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። አሁን አሁን የታተመ ሥዕል ገዝተው የሚያዞሩ ልጆች እየበዙ ነው። ልጆቹን አልወቅስም፤ ያሳያቸው ሰው ስለሌለ ነው። እኔ ነሐሴን በሙሉ ለዚህ ነው የማዘጋጃቸው፣ ሴቶቹንም ወንዶቹንም። አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ፦ ሥዕሉን ከመጀመራችሁ በፊት ለማን እንደምትሰጡት ወስኑ። ያ ሰው ቤት ያለ፣ እሱ ብቻ የሚያውቀው ነገር ይግባበት።

እሱ፦ ለምሳሌ?

እሷ፦ አምና አንዱ ልጅ ለሰፈሩ ጥበቃ ሊሰጥ ወሰነ። የሳለው የጥበቃውን ሬዲዮ ነው፤ አንቴናው ተሰብሮ በሽቦ የታሰረውን። ሽቦውን ሦስት ጊዜ ነው የጠመዘዘው፣ ቆጥሮ። አጠገቡ አንዲት አደይ አበባ። ጥበቃው ዓመቱን ሙሉ ከወንበራቸው በላይ ሰቅለውት ነበር። ሳልፍ ሁልጊዜ ቀና ብዬ አየዋለሁ።

እሱ፦ ቆጥሮ! ግን ክፍልሽ ውስጥ የሁሉም ቤት በዓል አንድ አይደለም።

እሷ፦ አይደለም። ኦርቶዶክስ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ ፕሮቴስታንት አለ። ስለዚህ ይህን በዓል ሳሉ አልላቸውም። «ቤታችሁ በዓል ሲሆን መጀመሪያ የሚሸታችሁ ምንድን ነው? እሱን ሳሉ» ነው የምላቸው። አንዷ ቄጠማ ሳለች። አንዱ ለኢድ የተገዛለትን አዲስ ጀለቢያ ከነማጠፊያው መስመር ሳለ። «አዲስ ልብስ ይሸታል» አለኝ። እውነቱን ነው።

እሱ፦ ፊቼ ጫምባላላስ?

እሷ፦ እሱንማ እንዴት እተወዋለሁ! ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። ቀኑን የሚቆርጡት አያንቱዎች፣ የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪዎች ናቸው፣ ኮከብ አይተው። ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ ይገረማሉ። ስለዚህ ወረቀቱን በሙሉ በከሰል እናጠቁራለን፣ ከዚያ በላጲስ ጫፍ ኮከቦቹን እያነሳን እናወጣለን። ከጥቁር ውስጥ ነጭ ሲወጣ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ደግሞ አስተውል፣ በጫምባላላም ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ጎረቤት ይጠይቃሉ፣ ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራውን ቡሪሳሜ ይበላሉ። የሲዳማ ልጆቼ «እኛም እኮ እንዞራለን!» ብለው ተነሱ። በአዲሱ ዓመት ሥዕላቸውን በሁለቱም በዓል ይዘው ይሄዳሉ።

እሱ፦ እኔ ቤት እርድም ሳሙናም አለ፤ ዛሬ ማታ ከትንሿ ጋር... ይኸው ጣለ። ይሰማሻል?

እሷ፦ ይሰማኛል። እየጠነከረ ነው።

እሱ፦ አድማጮቻችን፣ የኛም ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ካሁን በኋላ የምንለውን የምትሰሙ አይመስለኝም። ሳምንት እንገናኝ። ቲቸር፣ ከሰል ይዘሻል?

እሷ፦ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ወረቀት አቀብለኝ።