ዜማው ሲመለስ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የቅዳሜው አማርኛ ትምህርት ቤት ልጆቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ «ስለፈለጉት ነገር ይናገሩልን» ሲሉኝ ብዙዎቻችሁ ስለ ሾፌርነት ዘመኔ የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እሱም ይመጣል። የመጣሁበት ጉዳይ ግን በስልሳ ስድስት ዓመቴ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ የሚሄድ ቴአትር ነው። ካየሁት ወራት አልፈዋል፤ አሁንም ሌሊት እየነቃሁ አስበዋለሁ።

እዚህ ለንደን አሥራ ሰባት ዓመት 38 ቁጥር አውቶቡስ ነድቻለሁ። ከቪክቶሪያ ተነስቶ፣ በፒካዲሊ አልፎ፣ ሻፍትስበሪ አቬኑን ይዞ ወደ ሃክኒ የሚወጣውን ታውቁታላችሁ። ሻፍትስበሪ አቬኑ የቴአትር ቤቶች ሰፈር ነው። ዋርዱር ስትሪት ማዕዘን ላይ ያለው በእኔ ጊዜ ኩዊንስ ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ታድሶ ሲከፈት ሶንድሃይም የሚል ስም ወጣለት። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ሲቃረብ ሕዝቡ ከዚያ እየጎረፈ ይወጣል። በሩን ስከፍትላቸው ዓይናቸው የቀላ፣ መሐረብ የጨበጡ፣ ካርዳቸውን እያስነኩ ለራሳቸው የሚያንጎራጉሩ ሰዎች ይገባሉ። ከለቅሶ ቤት የመጡ ይመስላሉ፤ ፊታቸው ላይ ግን ደስታም አለ። «እዚያ ውስጥ ምን አይተው ነው?» እያልኩ አሥራ ሰባት ዓመት አለፍኩ። አንድም ቀን አልገባሁም። ቲኬቱ ውድ ነው እል ነበር፤ ዋናው ምክንያት ግን ያ ቤት የእኔ ነው ብዬ አለማሰቤ ነው። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ይህን ስሜት የማያውቅ ጥቂት ይመስለኛል።

ባለፈው ጥቅምት የልጅ ልጄ አሥራ አምስት ዓመት ሞላት። ፒያኖ ትማራለች። ለልደቷ ምን እንደምትፈልግ ስጠይቃት «አያቴ፣ ሌ ሚዜራብልን ከአንተ ጋር ማየት» አለችኝ። ከእኔ ጋር! ከእናቷ ወይም ከጓደኞቿ ጋር ብትል ኖሮ ገንዘቡን ሰጥቼ ቤቴ እቀመጥ ነበር።

ልብ ወለዱን በአማርኛ «ምንዱባን» ተብሎ ያነበባችሁት አላችሁ። ቪክቶር ሁጎ እ.ኤ.አ. በ1862 ያሳተመው ነው። ዣን ቫልዣን አንድ ዳቦ ሰርቆ ይታሰራል፤ ለማምለጥ በሞከረ ቁጥር ቅጣቱ እየተጨመረበት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይቆያል። ከወጣ በኋላ ዣቬር የተባለው የሕግ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያሳድደዋል። ይህን ግዙፍ መጽሐፍ ወደ ዜማ የለወጡት አላን ቡብሊልና ክሎድ ሚሼል ሾንበርግ ናቸው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1980 ፓሪስ ላይ በፈረንሳይኛ ታየ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1985 በእንግሊዝኛ ተሠርቶ እዚሁ ለንደን ባርቢካን የኪነ ጥበብ ማዕከል ውስጥ ተከፈተ። በማግሥቱ ብዙዎቹ የጋዜጣ ሐያስያን አጣጣሉት። ሕዝቡ ግን ትኬት መሸጫው ደጃፍ ተሰለፈ፤ እስከ ዛሬም አላቆመም።

እንግዲህ ሶንድሃይም ገባን። ቦታችን ከላይኛው ፎቅ ነበር፤ መድረኩን እንደ ገደል ቁልቁል ነው የምታዩት። መብራቱ ጠፋ፤ ኦርኬስትራው ጀመረ፤ እስረኞቹ መዝፈን ጀመሩ። እኔ በወጣትነቴ አገር ፍቅርም ብሔራዊም ቴአትር ቤት ገብቻለሁ። የለመድኩት ተዋናይ ቆሞ ሲናገር፣ ዘፈን ካለም ንግግሩ ሲያበቃ ሲዘፈን ነው። ስለዚህ ዘፈኑ እስኪያልቅና መናገር እስኪጀምሩ ጠበቅኩ። አልጀመሩም። እስረኛው ሲፈታ በዜማ፣ ሥራ ሲከለከል በዜማ፣ ሲሰርቅ በዜማ፣ ፖሊስ ሲይዘው በዜማ። አሥር ደቂቃ ያህል ከታገስኩ በኋላ ወደ ልጅቷ ጆሮ ጠጋ ብዬ «መቼ ነው የሚናገሩት?» አልኳት። «አይናገሩም አያቴ፣ ንግግሩ ይኸው ነው» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ።

ይህን እኮ አውቀዋለሁ! እኛ ሁላችን እናውቀዋለን። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ይላል፣ ሕዝቡ «እግዚኦ ተሠሃለነ» ብሎ ይመልሳል፤ ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል «ምስለ መንፈስከ» እንላለን። ሰላምታው በዜማ፣ ትእዛዙ በዜማ፣ ምስጋናውም በዜማ። ከመግቢያው እስከ «እትዉ በሰላም» ድረስ ቅዳሴያችን ሦስት ወገኖች በዜማ የሚመላለሱበት ነው። አባቶች ይቅር በሉኝ፤ ቅዳሴ ጸሎት ነው፣ ቴአትር ቴአትር ነው፣ ሁለቱን በአንድ ሚዛን አላስቀምጥም። የምናገረው ስለ ጆሮ ነው። ይህን የሚሰማ ጆሮ ከልጅነታችን ጀምሮ ተሠርቶልናል እላለሁ።

ሌላም ነገር አለ። የእንግሊዝኛውን ግጥም ሩቡን ያህል አልያዝኩትም። በዜማ ውስጥ ያለ እንግሊዝኛ፣ አምስት ሰው በአንድ ላይ ሲለው፣ እዚህ ተወልደው ያደጉትንም ያመልጣቸዋል። መጀመሪያ ላይ ተጨነቅኩ። ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ ግዕዝ አታውቅም ነበር። ፊደልም አልቆጠረችም። ግን ከዓምደ ወርቁ ሥር ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቅዳሴው የት እንደደረሰ ከዜማው ብቻ ታውቃለች። መቼ እንደሚሰገድ፣ መቼ ዝም እንደሚባል፣ የቱ ጋ ልብ እንደሚሰበር ማንም አይነግራትም። እኔም እንደ እሷ ልስማ ብዬ ወደ ኋላ ተደገፍኩ። ከዚያ በኋላ አንድም ነገር ያመለጠኝ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ቫልዣን ከእስር ወጥቶ በየደጁ ሲባረር አንድ ጳጳስ ቤቱ ያስገባዋል። ገበታው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ዳቦና ወይን ያቀርብለታል፣ መኝታ ያዘጋጅለታል። ይህን የሚልበት ዜማ ለስላሳና አጭር ነው፤ የእንግዳ አቀባበል ዜማ። ካልተጠነቀቃችሁ ሳትሰሙት ያልፋል። ቫልዣን የጳጳሱን የብር ዕቃ ሰርቆ ሲያዝ ጳጳሱ «እኔ ነኝ የሰጠሁት» ብሎ ያድነዋል፤ መቅረዞቹንም ይጨምርለታል። ቫልዣን ብቻውን ይቀርና ከራሱ ጋር ይሟገታል፣ በሌላ ሰውነት ለመኖርም ይወስናል። ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ ዣቬር፣ ሲያሳድደው በኖረው ሰው ምሕረት ከሞት ይተርፋል። ምሕረቱን መሸከም አቅቶት ወንዙ ድልድይ ላይ ቆሞ እሱም ከራሱ ጋር ይሟገታል። ዜማው ያው የቫልዣን ዜማ ነው! አንዱ ምሕረት አግኝቶ ለመኖር የቆረጠበት፣ ሌላው ምሕረት አግኝቶ ራሱን ወንዝ የጣለበት። ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር እንደገጠማቸው ማንም ወጥቶ አያስረዳንም። ዜማው ራሱ ነው የሚናገረው። በንግግር ቴአትር ይህን ለማለት አንድ ሙሉ ትዕይንት ያስፈልጋል፤ ያውም እንዲህ አጥንት ውስጥ አይገባም።

ጉልበቴን የከዳኝ ግን ይህ አልነበረም።

በታሪኩ ውስጥ ተማሪዎች አሉ። ብዙ ሰው ታላቁ የፈረንሳይ አብዮት ይመስለዋል፤ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. የሰኔ 1832ቱ የፓሪስ አመፅ ነው፣ ሁለት ቀን የቆየ። ልጆቹ ካፌ ውስጥ ጠረጴዛ ከበው ስለ ነገ ያወራሉ። መንገድ ዘግተው ምሽግ ይሠራሉ፤ ሕዝቡ እንደሚነሳ ይጠብቃሉ፤ ሕዝቡ አልመጣም። አለቁ። ማሪየስ የሚባለው አንዱ ብቻ ቆስሎ ይተርፋል። ወደዚያው ካፌ ተመልሶ ባዶውን ወንበርና ባዶውን ጠረጴዛ እያየ ይዘፍናል። የሞቱት ጓደኞቹ ከኋላው ጨለማው ውስጥ ይቆማሉ።

መዝፈን ሲጀምር «ይህን ዜማ የት ነው የማውቀው?» አልኩ በሆዴ። የሰማሁት ከሁለት ሰዓት በፊት ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ። የጳጳሱ ዜማ ነው። ያ «ግባ፣ ብላ፣ እረፍ» የተባለበት የገበታ ዜማ፣ አሁን ሰው ያጣ ገበታ ሙሾ ሆኖ መጣ። በማግሥቱ ልጅቷ ፒያኖዋ ላይ ሁለቱን አስከትላ መታችልኝ፤ አልተሳሳትኩም ነበር።

እኔ በ1969 ዓ.ም. የአሥራ ስምንት ዓመት ተማሪ ነበርኩ። አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ከትምህርት በኋላ አምስት ሆነን ጥግ ያለችውን ጠረጴዛ እንይዛለን። አንድ ብርጭቆ ሻይ ለሁለት። ስለ ነገ ነበር የምናወራው። በዓመቱ ሦስቱ አልነበሩም። ለአንዳቸውም ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ እናቶቻቸው እንዳያለቅሱ የተከለከሉበት ዘመን እንደነበር ዕድሜያችሁ የደረሰ ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህ ከሁለት ጊዜ በላይ በዚያች ሻይ ቤት በር አልፌያለሁ። አልገባሁም።

እንግዲህ ያ የፈረንሳይ ልጅ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለንደን መሐል ቆሞ፣ የእነሱን ሙሾ አወጣልኝ። የሚለውን ቃል በቃል ልንገራችሁ ብል አልችልም። አለቀስኩ። ድምፅ አውጥቼ ነው ያለቀስኩት። የልጅ ልጄ እጄን ያዘች። አጠገቤ የተቀመጠች ፈረንጅ ሴትዮ ምንም ሳትል መሐረብ አቀበለችኝ። ሾፌር ሆኜ በሩን ስከፍትላቸው ከነበሩት ሰዎች አንዱ ሆንኩ ማለት ነው።

ሁሉንም ወደድኩት አልልም። የጦርነቱ ትዕይንት ላይ ድምፅ ማጉያው በዝቶብኛል። ኦፔራ ላይ ዘፋኙ ያለ ማይክሮፎን ነው የሚዘፍነው ይላሉ፤ እዚህ ግን ሁሉም ማይክ ተደርጎለታል፤ አንዳንዴ ዝቅ ቢያደርጉት የበለጠ እንሰማ ነበር። የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ሕዝቡን በጣም ያስቃሉ፤ እኔን ግን ረዘሙብኝ። የድሮውን ዝግጅት ያዩ የሥራ ባልደረቦቼ መድረኩ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይሽከረከር እንደነበር ይናገራሉ፤ ምሽጉ ሲዞር ከጀርባው የወደቁት ልጆች ይታያሉ። አሁን ያ የለም። በምትኩ ከበስተጀርባ የሚታዩት ሥዕሎች ሁጎ ራሱ ከሳላቸው የተወሰዱና በእነሱ መንፈስ የተሠሩ ናቸው። ደራሲው ሠዓሊም እንደነበር ያወቅኩት ያን ማታ ነው።

ሾፌር ነኝና ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልበል። በንግግር ቴአትር ተዋናይ ቃል ቢጠፋበት ትንሽ ቆም ብሎ፣ የራሱን ጨምሮ ይወጣዋል። እዚህ ግን ኦርኬስትራው አይጠብቅም። የአንዱ ቃል የሌላው መነሻ ነው፤ አንድ ቢያመልጠው ከኋላው ያሉት ሁሉ ይናጋሉ። የመጀመሪያው ክፍል ሲያበቃ ስድስት ሰባት ሰው የየራሱን ጭንቀት በየራሱ ዜማ በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ አንዱ ፍቅሩን፣ አንዱ ስደቱን፣ አንዱ ውጊያውን። ለቅሶ ቤት እያንዳንዱ የራሱን ሟች እያነሳ ሲያለቅስ አንድ ድምፅ እንደሚሆነው። ይህን በሳምንት ስምንት ጊዜ ይሠሩታል። ከላይ ሆኜ የኦርኬስትራውን መሪ እጅ አያለሁ፤ ከመሐሉ እረፍት በቀር ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው አላረፈም። እኔ በሙያዬ ሰዓት ጠብቆ መንዳት ምን እንደሚያስከፍል አውቃለሁ። ለዚያ ሰው ቆሜ አጨበጨብኩለት።

ስንወጣ ፌርማታው ላይ 38 መጣ። ሾፌሩን አላውቀውም፤ ወጣት ነው። ካርዴን ሳስነካ ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። ፎቁ ላይ ወጥተን የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥን። ልጅቷ ያቺን ዜማ በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። «አያቴ፣ ምን ሆነህ ነው ያለቀስከው?» አለችኝ። ኤንጅል የሚባለው ሰፈር እስክንደርስ ሦስቱንም ጓደኞቼን በስማቸው ነገርኳት። ማን ይቀልድ እንደነበር፣ ማን ኳስ እንደሚችል፣ ሻዩን ማን ይከፍል እንደነበር። እናቷም ይህን ከእኔ ሰምታ አታውቅም።

በመውጫው በር ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ። በጥር ወር በአንዱ ረቡዕ ማታ አብረን ለመሄድ አስበናል፤ በቡድን ከሄድን ዋጋው ይቀንስልን እንደሆነ ልጠይቅላችሁ ቃል ገብቻለሁ። እንግሊዝኛዬ አይበቃም የምትሉ እናቶች በተለይ ስማችሁን ጻፉ፤ አጠገቤ ትቀመጣላችሁ። ቡናው ደርሷል መሰለኝ።

አመሰግናለሁ።