ጫፉን የያዘው ማን ነበር?

ደህና ናችሁ? የጎረቤቴ አውራ ዶሮ ዛሬም አብሮን አለ። መስኮቱን ዘግቼበታለሁ፤ እሱ ግን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ስለ እሜቴ ነው፤ ስለ መኪናዬ። ባለፈው ዳግመኛ ስለ እርሷ አላወራም ብዬ ምዬ ነበር፤ አውቃለሁ። መንቀጥቀጧ ከየት እንደሚመጣ ተገኘ። ተገኘና ደስ አላለኝም፤ ሌሊቱ ሳይነጋ ማይክሮፎን ፊት የተቀመጥኩትም ለዚህ ነው።

የሞከርኩትን ሁሉ ታውቃላችሁ። ጎማዎቹን ሁለት ጊዜ ባላንስ አስደረግኩ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት አዞርኩ፣ ክሮቼራዎቹን፣ ማለትም በዘንጉ ጫፍ ያሉትን መታጠፊያ መገጣጠሚያዎች፣ በአዲስ ቀየርኩ። ያው ነው። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ላይ ይጀምራል፣ 80 ላይ መቀመጫው ሥር የንብ መንጋ የሰፈረ ይመስላል፣ 90ን ሲያልፍ ይጠፋል። መሪው ግን ጸጥ ብሏል። ይህ ብቻውን ሊነግረኝ ይገባ ነበር፤ የፊት ጎማ ቢሆን ኖሮ መሪውን ነበር የሚያርገፈግፈው። ደግሞ ጎማ በዚያ ፍጥነት በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ነው የሚዞረው፤ ይንጣል እንጂ እንደ ንብ አይነዝርም። ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ግን የጎማውን አራት እጥፍ ያህል ይሽከረከራል።

ይህን ሁሉ አሁን እንደ ሊቅ አወራዋለሁ። ያኔ ጎማ ሻጩን ስረግም ነበር።

በመጨረሻ የአባቴ መካኒክ ወደነበሩት ሽማግሌ ወሰድኳት። አጠገቤ ተቀምጠው ወደ አዘዞ ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ «ሙዚቃውን ዝጋው» አሉኝ። ዘጋሁት። «አሁን ፎሌ አድርጋት።» ማርሹን አወጣሁ። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ንቦቹ ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ስለዚህ ሞተሩ ነጻ ወጣ።

ፎሌ በጣሊያንኛ እብድ ማለት መሆኑን ታውቁ ነበር? ጣሊያኖቹ ጎንደር ላይ እጃቸውን የሰጡት በ1934 ዓ.ም. ኅዳር ወር ነው፤ ፒያሳ ላይ ሕንፃዎቻቸው ቀሩ፣ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ካምቢዮው፣ ክሪኩ፣ ኩሽኔታው፣ ዳዶው ቀረ። እኛም ቁልቁለት ላይ መኪናችንን እብድ እያደረግን እንነዳለን። በነገራችን ላይ ይህን ለሙከራ እንጂ ለነዳጅ ቁጠባ እንዳታደርጉት፤ ፍሬኑ ብቻውን ነው የሚሸከማችሁ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ዘንጉ።

ፈትተው ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት። ብየዳው ላይ በጣታቸው ሄዱበት። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት፤ ከዚያ ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው በሁለቱም ጫፍ ክሮቼራዎቹን በሚይዙት ሹካዎች ላይ መስመር አሰመሩ። መስመሮቹ አልተገጣጠሙም፤ የትንሽ ጣቴን ውፍረት ያህል ይሸሻሉ። ክሮቼራ ጠመም ብሎ ሲሠራ ዘንጉን በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያፈጥነዋል፣ ሁለት ጊዜ ያዘገየዋል። ሹካዎቹ ትይዩ ከሆኑ የኋላው የፊተኛውን ጥፋት ያርማል። ካልሆኑ አያርምም።

ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «ይህ ሲበየድ ጫፉን የያዘው ማን ነበር?» አሉኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ባለ አራት ማርሹን ካምቢዮ በባለ አምስት ስቀይር ዘንጉ ማጠር ነበረበት። የከተራ ዕለት ነው፤ ከባሕር ዳር እንግዶች መጥተውብኛል፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሊወርዱ ነው። የቶርኖ ቤቱ ልጅ ጠረጴዛው ላይ አስሮ በደንብ ሊለካው ፈለገ፤ ከበዓሉ በኋላ ተመለስ አለኝ። «እኔ እይዘዋለሁ፣ አንተ በይድ» ያልኩት እኔ ነኝ። የብየዳው ፍንጣሪ አውራ ጣቴን ጠብሶኛል፤ ጠባሳው አሁንም አለ።

እና ለሽማግሌው ምን አልኳቸው? «እንጃ ጋሼ፣ ልጁ ብቻውን ነው የሠራው።»

ማንም አላስገደደኝም። አልተቆጡም እኮ፤ ምናልባት ለማወቅ ብቻ ነው የጠየቁት። ዓይናቸው አውራ ጣቴ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ወይም አላረፈም፤ ጠመኔውን ይሆናል የፈለጉት፣ እጄ አጠገብ ነበር። «እሺ ልጄ» አሉና መጋዙን አነሱ። ያን «እሺ» ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት! አንዳንዴ የድካም ነው እላለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ... የአባቴ እሺ ይመስለኛል። አባቴም ሲያውቅብኝ እንዲያ ነበር የሚለው።

ልጁ ደግሞ እዚያው ከተማ ውስጥ ነው የሚሠራው። ሰው የሚልክለት እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው። አንድ ቃል ምን ያህል እንደሚጎዳ አላውቅም፤ ምንም ላይጎዳ ይችላል። ሄጄ እነግራቸዋለሁ ብዬ ባለፈው ቅዳሜ እስከ በሩ ደርሼ ነበር። መኪና ሥር ተኝተው እግራቸው ብቻ ይታያል። ለእግር እንዴት ይነገራል?

ዘንጉን አስተካክለው በየዱት፣ 80 ላይ አሁን ውሃ የሞላ ብርጭቆ ብታስቀምጡ አይረበሽም። እሜቴ እንደ ሙሽራ ነው የምትሄደው።

ግን ትናንት ማክሰኝት ደርሼ ስመለስ 95 ላይ መቀመጫው ሥር የሆነ ነገር... አስፋልቱ ይሆናል። ሙዚቃውን ዘጋሁ። ፎሌ አደረግኳት። እ... አንድ ንብ ብቻ ናት፣ ካለች። ወደ እሳቸው ካልሆነ ደግሞ ወደ ማን እንደምወስዳት —

ሰማችሁት ዶሮውን?