ውጤቱ የመጣው ውሃው ከተጠጣ በኋላ ነው

የተከበራችሁ የአቃቂ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ለአዲሱ ቤተ ሙከራችን እንኳን ደስ አላችሁ። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንድ ጠርሙስ ውሃ ልናገር ነው።

ያን ክረምት ታስታውሱታላችሁ። ወንዙ ሞልቶ ጎርፉ የሰፈራችን ጉድጓድ ገባ። ውሃው ጠራ ሲል ሁላችንም በጀሪካን መቅዳት ጀመርን። እኔ ልቤ አላመነውም። አርብ ከሰዓት በተቀቀለ ጠርሙስ ቀድቼ፣ በፌስታል በረዶ ከብቤ፣ ሁለት ታክሲ ይዤ ውሃ ወደሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ሄድኩ። በረዶው ቀልጦ ቀሚሴን አራሰው። የተቀበለኝ ልጅ፣ «እናቴ፣ ዛሬ ብንጀምረው ነገ የሚያነበው ሰው የለም። ናሙናው ካደረ ደግሞ አይሆንም። ሰኞ አዲስ ቀድተው ይምጡ» አለኝ። ሰኞ ወሰድኩ። ማክሰኞ ወረቀት ሰጡኝ፤ ኢ. ኮላይ የሚባለው፣ ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚያሳየው ባክቴሪያ አለበት ይላል። ያን ዕለት የጎረቤቴ ሕፃን በተቅማጥ ደክማ ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተሰክቶላት ነበር።

ወረቀቱ እውነት ነው። ግን ምን ያደርግልኛል? ውሃው ተጠጥቷል!

ባክቴሪያን አሳድጎ ለማየት ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይፈጃል። ሌላ መንገድ ግን አለ። ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ትንሽ ዘንግ ወይም ሰሌዳ፣ ላይ ስስ የፖሊመር (የፕላስቲክ ዓይነት) ሽፋን ይለበጣል። ሽፋኑ ላይ ኢ. ኮላይን ለይቶ የሚይዝ፣ አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ይተከላል። ባክቴሪያው ሲያዝ የኤሌክትሪኩን መንገድ ይዘጋል፤ መሣሪያው ያንን ለውጥ ያነባል። ቀን ሙሉ መጠበቅ የለም። በ1962 እ.ኤ.አ. ክላርክና ሊዮንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ኢንዛይምን (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) በሽፋን ኤሌክትሮድ ላይ ይዘው ስኳር የሚለካበትን መንገድ አሳዩ። ዛሬ ስኳር ያለባቸው እናቶቻችን ጣታቸውን ወግተው እቤታቸው ያነባሉ። ለደም የተቻለ ለውሃ ለምን ይቅርብን?

ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ አይገኝ ይላል። ያችን አንዷን መያዝ ቀላል አይደለም፤ ባክቴሪያው እንዲሰበሰብ ውሃው አስቀድሞ በማጣሪያ ማለፍ አለበት። ጭቃ ደግሞ ሽፋኑን ይደፍነዋል። ለዚህ ነው የምጮኸው! በሰው አገር ንጹሕ ውሃ ብቻ የተፈተነ ዕቃ አይበቃንም። በአቃቂ ውሃ፣ በክረምት፣ በእነዚህ ልጆች እጅ ይፈተን!

ስለ ክሎሪንም ላነሳ ነበር፤ ሰዓቱ ሄደ። እስከዚያው አፍልታችሁ ጠጡ።

አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። የዚህ ክፍል ቁልፍ ቅዳሜና እሁድ ማን ጋ እንደሚቀመጥ ሳንወስን አንበተን።