የመስቀል ወፍ የትም አልሄደችም

እንደምን ዋላችሁ ጎንደሮች! እናቶች፣ አባቶች፣ መምህራን፣ ከፊት የተቀመጣችሁት የክበባችን ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ለዘመን መለወጫውም ለመስቀሉም እንኳን በሰላም አደረሳችሁ። አዳራሹ ሞልቶ ሳይ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ስለ ወፍ ለመስማት ብሎ ከስራ መልስ ለመጣ ሰው እግዜር ይስጥልኝ ከማለት በቀር ምን እላለሁ።

በቀጥታ ልግባ። ጠፍቶ ጠፍቶ ብቅ ያለ ዘመድ ስናገኝ ሁላችንም "ምነው እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ሆንክ" እንላለን አይደል? እስኪ ልጠይቃችሁ፣ የመስቀል ወፍ ከመስቀል በኋላ የት ነው የምትሄደው? ቆላ ትወርዳለች የሚል አለ፣ ወደ ሱዳን ትሻገራለች የሚል አለ፣ እሷ የመስቀል ናት መሄጃዋ አይመረመርም የሚሉም አሉ። መልሱ ግን የትም አትሄድም ነው። እዚሁ ናት፣ ዓመቱን ሙሉ አጥራችን ላይ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመስቀል ወፍ የሚባለው እንደየአገሩ ይለያያል፣ አንዱ ጋ ቢጫና ጥቁሩ ነው፣ አንዱ ጋ ቀይና ጥቁሩ፣ ሌላው ጋ ደግሞ ምንቃሩ ቀይ ሆኖ ጭራው ከሰውነቱ የሚረዝመው ነው፣ የሁሉም ታሪክ ግን አንድ ነው። ክረምቱ ገብቶ ሣሩ ሲያድግ ወንዶቹ የድሮ ላባቸውን ጥለው ያንን የምናውቀውን ጌጥ ያበቅላሉ፣ ሴቶቹ ግን ያው ቡናማ እንደሆኑ ይቆያሉ። ወንዱ ያን ጊዜ ማሽላው ወይ ረጅም ሣሩ ጫፍ ላይ ይቆምና የጀርባውን ላባ ነፋ ነፋ አድርጎ ድንገት ተነስቶ እንደ ትልቅ ጥንዚዛ ድም ድም እያለ ከአንዱ ዘንግ ወደ አንዱ ዘንግ ይበራል፣ ሴቶቹ እንዲያዩት ነው ይሄ ሁሉ። መራቢያው አልቆ ሣሩ ሲደርቅ ጌጡ ይረግፍና እሱም እንደ ሴቶቹ ቡናማ ይሆናል፣ ከዛ ከድንቢጦቹ ጋር ተደባልቆ አውድማ ላይ እህል ሲለቅም ዓይናችን ስር ሆኖ አናውቀውም። ባለ ረጅም ጭራው ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ የእሱ ሚስቶች ጎጆ አይሰሩም፣ እንቁላላቸውን ትናንሽ ሌሎች ወፎች ጎጆ ውስጥ ጥለው ይሄዳሉ፣ ጫጩቱን የምታሳድገው ያቺ ሚስኪን ናት።

ይሄን ያነሳሁት ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ነገር እዚህ ውስጥ ስላለ ነው። እዚሁ የሚኖረውን ሄደ እንላለን፣ ከሌላ ዓለም እየመጣ እኛ ጋ ከርሞ የሚሄደውን ደግሞ ከነጭራሹ አናየውም። በዚህ ወር፣ አሁን እያወራን ባለንበት ሰዓት፣ ከአውሮፓና ከእስያ የተነሱ ወፎች እየገቡ ነው። ነገ ጠዋት አዘዞ መንገድ ላይ ወይ ከብት በሚውልበት ማንኛውም ሜዳ ላይ ቆም ብላችሁ የበሬዎቹን እግር ተመልከቱ፣ ከሰኮናው አጠገብ ቀጠን ያለች፣ ሆዷ ቢጫ፣ ጭራዋን ወደ ላይ ወደ ታች ሳታቋርጥ የምታወዛውዝ ወፍ ታገኛላችሁ። በሬው ሲራመድ ከሣሩ የሚነሳውን ዝንብና ትንኝ ነው የምትለቅመው። ክብደቷ ሀያ ግራም እንኳን አይሞላም፣ ግን ሰሀራን አቋርጣ ነው የመጣችው። መጋቢት ላይ ቢጫዋ እየደመቀ እየደመቀ ይመጣል፣ ለመመለስ እየተዘጋጀች ስለሆነ ነው፣ ሚያዝያ ካለፈ አታገኟትም። እውነተኛዋ የዓመት እንግዳ ይቺ ናት።

አሁን ስለ ትልቁ እንግዳ ላውራ፣ እኔ ልቤ ያለው እሱ ላይ ስለሆነ ትንሽ ብቆይበት አትፍረዱብኝ። ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ ደምቢያ ሜዳ፣ ጎርጎራ ዳርቻ፣ ፎገራም ጭምር፣ ቁመታቸው ከሜትር የሚያልፍ፣ ግራጫ፣ አንገታቸው ጥቁርና ነጭ፣ አናታቸው ላይ ትንሽ ቀይ ያለባቸው ወፎች እየጮሁ ይገባሉ። አስጎብኚዎቹ ክሬን ይሏቸዋል። ጣና ዙሪያ በአስር ሺዎች ነው የሚከርሙት። ተመራማሪዎች ፊንላንድና ኢስቶኒያ ላይ ጫጩት ሆነው መከታተያ መሳሪያ አስረውላቸው ስለተከታተሏቸው ከየት እንደሚመጡ ይታወቃል፣ ከዛ እዚህ በቀጥታ መስመር ብትለኩት ራሱ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኔን በጣም የሚገርመኝ ደግሞ ጫጩቱ መንገዱን የሚማረው ከእናት ከአባቱ ጋር አብሮ በመብረር መሆኑ ነው። ስለዚ ሜዳው ላይ ስታዩአቸው ልብ በሉ፣ ሁለት ትልልቆች መሀል አንድ ወይ ሁለት ጭንቅላቱ ገና ቡናማ የሆነ አለ፣ እሱ የዘንድሮው ልጅ ነው፣ ደምቢያ የምትባል አገር መኖሯን ያወቀው ገና አሁን ነው።

ቀን ቀን የታጨደ ማሳ ላይ የረገፈ እህል ሲለቅሙ ይውላሉ። ማታ ግን እንቅልፋቸው ውሃ ውስጥ ነው፣ ቆመው፣ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን ወይ ትንሽ ከፍ ብሎ እግራቸውን በሚነካበት ቦታ። ምክንያቱም ጅብና ቀበሮ ቢመጣ ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማቸዋል። ጥልቀት ያለው ውሃ አይሆናቸውም፣ የደረቀ መሬትም አይሆናቸውም፣ ያቺ ጠርዝ ላይ ያለች ቀጭን ረግረግ ብቻ ናት የምትሆናቸው። እናንተ ጎርጎራ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዳር ላይ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ መጀመሪያ ከሩቅ ድምፃቸው ነው የሚመጣው፣ ከዛ አንዱ መንጋ በሌላው ላይ እየደረበ ሰማዩን ይሞሉታል፣ ሲያርፉ እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ነው የሚወርዱት፣ ከጨለመም በኋላ ጫጫታው አይቆምም። ከአገር ውጭ ያሉ ሰዎች ይሄን ለማየት ብዙ ገንዘብ አውጥተው ነው የሚመጡት። ለእኛ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እዛው ረግረግ ላይ የራሳችንም ልጆች አሉ። አናቷ ላይ ወርቅማ ዘውድ የመሰለ ላባ ያላት ጥቁሯ ክሬን እንግዳ አይደለችም፣ ነዋሪ ናት፣ ክረምት ላይ ጨፌው ውሃ ሲይዝ እዛው ትፈለፍላለች፣ ከሌሎቹ ዘመዶቿ በተለየ ዛፍ ላይም ታርፋለች። ከዚህ ሌላ ጣቶቹ በጣም ረጃጅም ስለሆኑ ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ የሚራመደው ጃካና አለ፣ የእሱ ነገር ይገርማል፣ እንቁላል የሚያቅፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም አባትየው ነው፣ እናትየዋ ጥላለት ወደ ሌላ ባል ትሄዳለች። ፔሊካኑ አለ፣ ዝይና ዳክዬው አለ፣ ዓሣ የሚያድነው ንስር አለ።

እንግዲህ ጨፌው ምን እየሆነ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል፣ ጥሩ ነው። ግን እምቦጭ የሚባለው ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው አረም ከዛ በፊት ነው የገባው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 አካባቢ በእኛ በኩል፣ መገጭ ወንዝ ሀይቁን በሚገናኝበት በደምቢያ ዳርቻ ነው መጀመሪያ የታየው። እምቦጭ የሚወደው ደግሞ ያንኑ ጥልቀት የሌለውን ጠርዝ ነው፣ ክሬኖቹ የሚተኙበትን፣ ዓሣው እንቁላል የሚጥልበትን። ለጃካናው ላይከፋው ይችላል፣ በላዩ ላይ ይሄድበታል፣ ዓሣ አይቶ ለሚወረወር ወፍ ግን ውሃው ተከደነበት ማለት ነው። ደንገሉም ያው ነው፣ ለማገዶም ለታንኳም ይታጨዳል፣ ሀይቁ ወደ ኋላ ሲል ደግሞ ባሕር ሸሹ፣ ውሃው የለቀቀው መሬት፣ ወዲያው ይታረሳል።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ገበሬው ላይ ጣት አንቀስር። አምስት ልጅ የሚያበላ ሰው ባሕር ሸሽ ለምን አረስክ አይባልም። ክሬኖቹም ቢሆኑ የረገፈ ብቻ አይደለም የሚበሉት፣ አዲስ የበቀለ ሽንብራ ላይ ሲወርዱ ጉዳት ያደርሳሉ፣ ልጆቹ ወንጭፍ ይዘው ማሳ ዳር የሚውሉት ወደው አይደለም። እኛ ከከተማ ሄደን ወፏ ታምራለች ብለን ስንናገር እሱ የሚያስበው ሽንብራውን ነው። ስለዚ ስትሄዱ መጀመሪያ ሰላም በሉ፣ ማሳ አትርገጡ፣ ወፎቹ የት እንደሚያድሩ እሱን ጠይቁት፣ ከማናችንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፣ የሚያስጎበኛችሁ ልጅ ካገኛችሁ ደግሞ የድካሙን ክፈሉት።

ወደ ደጋው ስንወጣ ሌላ ዓለም ነው። ስሜን ተራሮችን ሁሉም ሰው በዋልያና በጭላዳ ነው የሚያውቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገብቶ በ2017 ነው የወጣው፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጓሳውና ጅብራው ባለበት፣ ብርዱ በሚቆረጥምበት ገደል አፋፍ ላይ ስትቆሙ ግን ቀና ብቻ ሳይሆን ዝቅ ብላችሁም ተመልከቱ፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ተኩል የሚያልፍ አሞራ ከእግራችሁ በታች ሲያልፍ ጀርባውን ታዩታላችሁ። እሱ ሌሎቹ አሞሮች ሥጋውን ከጨረሱ በኋላ አጥንቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ድንጋይ ላይ ጥሎ ሰብሮ የሚበላው ነው። ሆዱ ላይ የምታዩት የዝገት ቀለም ከብረት የበዛበት አፈርና ጭቃ ራሱን እየቀባ ያመጣው ነው። ማረፊያ ቦታው ላይ ደግሞ ምንቃሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነው ቁራ ምሳችሁን ሊቀማ ይጠብቃችኋል፣ እሱ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ አካባቢ ውጭ የለም።

መንገድ ሁሌ እንደማይመች አውቃለሁ፣ ደባርቅም ጎርጎራም እንደልብ የማይኬድበት ጊዜ አለ፣ መሄድ አልቻልኩም ብሎ ግን ማንም አይቅር። ፋሲል ግቢ ግንቡ ላይ የሚያርፉትን እርግቦች አይታችኋቸዋል፣ በየቀኑ እናልፋቸዋለን፣ ማጅራታቸው ላይ ያለችውን ነጭ ቀለበት ያያት ግን ስንት ሰው ነው? እነሱም የዚሁ ደጋ አገር ብቻ ናቸው፣ የውጭ ሰው ከግንቡ እኩል ፎቶ የሚያነሳቸው ለዛ ነው። ማታ ማታ እየተንጫጩ በከተማው ላይ የሚያልፉት ጋጋኖዎች ከአንገታቸው ስር የተንጠለጠለች ቆዳ ያለቻቸው፣ እነሱም እንደዛው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያለው የጽድና የወይራ ዛፍ አገር በቀል ደን ሆኖ ስለቆየ ሌላ ቦታ የጠፉ ወፎች እዛ ተጠልለው ታገኛላችሁ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴም ሆነ ቁስቋም ስትሳለሙ ስትወጡ አምስት ደቂቃ ዛፉ ስር ቁሙ።

ያያችሁትን ደግሞ ጻፉ። ይሄን የምለው ለልጆቹ በተለይ ነው። ቀን፣ ቦታ፣ የወፉ ስም ካወቃችሁት ስሙን፣ ካላወቃችሁት መልኩን፣ ስንት እንደሆኑ። ኢበርድ የሚባል በነፃ የሚጫን አፕ አለ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያለ የወፍ ጥናት ተቋም ነው የሚያስተዳድረው፣ እዛ ላይ ስትመዘግቡ መረጃው ተመራማሪ ጋ ይደርሳል። ስልክ የሌለው በደብተር ይያዝ፣ እኛ እንገለብጥለታለን። አንድ ጨፌ ሊደርቅ ወይ ሊታጠር ሲል "እዚህ ምን ነበር?" ብሎ የሚጠይቅ አካል ቢመጣ አሁን የምናሳየው ወረቀት የለንም፣ የሽማግሌ ትዝታ ብቻ ነው ያለን። አምስት ዓመት ሙሉ በየወሩ የተመዘገበ ደብተር ቢኖረን ግን ይሄ ነበር ብለን ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጣለን። በየዓመቱ ጥር ላይ በአፍሪካ የውሃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል፣ የእኛም ልጆች እስከዛ ድረስ ተለማምደው እንዲሳተፉ ነው ሀሳቤ።

በሉ ስለ ቅዳሜ ልንገራችሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፋሲል መዋኛው በር እንገናኛለን፣ ከረፈደ ወፉ ጥላ ይገባል እናንተም ፀሐይ ትመታችኋለች፣ መዋኛው ዙሪያ ያሉትን ዛፎች ካየን በኋላ አንገረብ ግድብ እንሄዳለን። ደማቅ ልብስ አትልበሱ፣ ውሃ፣ ኮፍያ፣ እስክርቢቶና ደብተር ያዙ። ባይኖኩላር ያለው ያምጣ፣ የሌለው አይጨነቅ፣ ያሉንን በየተራ እንጠቀማለን፣ ለጀማሪ በዓይንም ይበቃል። ጎጆ ያየ ሰው ጠጋ ብሎ ፎቶ አያንሳ፣ እናትየዋ ትታው ልትሄድ ትችላለች። የስልክ ሙዚቃ አይከፈት፣ የወፍ ድምፅም ቢሆን እያጫወታችሁ አትጥሩ፣ ተፎካካሪ የመጣበት እየመሰለው ይረበሻል። ትናንሽ ልጆች ከወላጅ ጋር ይምጡ። ወደ ጎርጎራ የምንሄደው ክሬኖቹ ከገቡ በኋላ ኅዳር ላይ ነው፣ መንገዱን አይተን ቀኑን እናሳውቃለን፣ መሄድ የምትፈልጉ ስማችሁን በር ላይ ካለችው ልጅ ጋ አስመዝግቡ።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፣ ከፊት ካሉት ልጆች እንጀምር።