ካፒቴኑ እስኪዘፍን
(ቪየና በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የፊልም ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ። ልጆች፣ እናንተም እንደምን አመሻችሁ። በሩ ጋ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፤ ጠጋ ጠጋ በሉ።

ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት እንድናገር ተጠይቄ ነው። አዘጋጆቹ «አደራ፣ አጭር ይሁን» ብለውኛል። አልፈርድባቸውም። ፊልሙ ራሱ ሦስት ሰዓት ሊሞላ የቀረው ስድስት ደቂቃ ነው።

ዛሬ የምናየው «ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ»ን ነው። ዕድሜያችሁ ገፋ ያለው አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ እንደውም ገና ከአሁኑ እያንጎራጎራችሁ ነው። እዚሁ ተወልዳችሁ ያደጋችሁት ግን ምናልባት ስሙንም አልሰማችሁ ይሆናል። ታሪኩ የኦስትሪያ ነው፤ የውጭ ትዕይንቶቹም የተቀረጹት ሳልዝበርግና አካባቢዋ ነው። የአገሬው ሰው ግን ብዙም አያውቀውም። እኔ እዚህ እንደመጣሁ ሥራ ቦታ አንሥቼው፣ «አዎ፣ ቱሪስቶች የሚጠይቁት ፊልም» ብለው አለፉኝ።

ምክንያት አላቸው። ፊልሙ የሚተርከው የፎን ትራፕ ቤተሰብ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1956 በጀርመንኛ ተሠርቶ ነበር። ሰዉ የራሱን አይቶ ጠግቧል። ሆሊውድ እ.ኤ.አ. በ1965 የራሱን ይዞ ሲመጣ፣ ልብሱም ዘፈኑም የነሱ አልመስል አላቸው። ዘፈኑስ እውነትም የነሱ አይደለም። «ኤደልቫይስ» የኦስትሪያ የድሮ ዘፈን የሚመስለው ሰው ስንት አለ መሰላችሁ! የሁለት አሜሪካውያን ሥራ ነው። ዜማው የሪቻርድ ሮጀርስ፣ ግጥሙ የኦስካር ሐመርስታይን። ሐመርስታይን ከዚያ በኋላ ሌላ ግጥም ሳይጽፍ እ.ኤ.አ. በ1960 አረፈ።

እኛ ቤት ፊልሙ የገባው በቪዲዮ ካሴት ነው። አዲስ አበባ፣ በኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ። ዴኩን አጎቴ ከጅዳ ነው ያመጣልን። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ ይውልና ማታ እናቴ ትገልጥልናለች። ካሴቱ ከሰፈር ቪዲዮ ቤት የምንከራየው ነው። የቅጂ ቅጂ ስለሆነ ተራራው አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ አይለይም። ምስሉ ሲንቀጠቀጥ ዴኩን በጎኑ መታ መታ እናደርገዋለን።

ረጅም ፊልም ስለሆነ በሁለት ካሴት ነበር የመጣው። ሁለተኛው ካሴት ታዲያ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ጋ ነው! ከገዳም ወጥታ ለካፒቴኑ ሰባት ልጆች ሞግዚት የሆነችው ማሪያ ሻንጣዋን ይዛ፣ ደብዳቤ አስቀምጣ፣ ማንም ሳያያት ከቤት ስትወጣ የኛ ካሴት ያልቃል። ለረጅም ጊዜ ፊልሙን እስከዚያ ድረስ ብቻ ነበር የምናውቀው። ተከታዩን የጨረስነው ራሳችን ነን። በኔ ስሪት ማሪያ መንገድ ላይ አውቶቡስ ይበላሽባትና ትመለሳለች።

አያቴም አብራን ታያለች። የምዕራብ ፊልም ብዙም አይጥማትም፤ ይህን ግን ገዳም ስላለበት ወደደችው። እመ ምኔቷን ስታይ ከመቀመጫዋ ከፍ ብላ ትሳለማለች። አንድ ነገር ግን አልዋጥ አላት። መነኩሲት እንዴት ታገባለች? እናቴ ደጋግማ አስረዳቻት፤ ማሪያ ገና አመክሮ ላይ ናት፣ ቃል አልገባችም። አያቴ ብዙ አሰበችበት። በመጨረሻ «ቆብ ካልደፋች ታግባ» ብላ ፈረደች። ከዚያ በኋላ ካፒቴኑ ሊያገባት ያሰባት ባሮነስ ብቅ ባለች ቁጥር የምትሰድባት እሷ ነበረች።

በግቢያችን ሰባት ልጅ ስላልነበረ አንዳንዱ ሁለት ሰው ሆኖ ይጫወታል። ትልቋ ሊዝል ለመሆን ጠብ ነው። ትንሿን ግሬትልን ለመሆን ግን ፈቃደኛ የለም፤ ግሬትል የምትሆነው ያለቀሰችው ናት። የመጋረጃውንም ነገር ሞክረነዋል። ማሪያ ከመጋረጃ ለልጆቹ የመጫወቻ ልብስ ትሰፋ የለ? እናቴ መቀሱን እጃችን ላይ ስታየው የሆነውን እዚህ አልተርክም፤ ልጆች አሉ።

«ዶ ሬ ሚ» ላይ አንድ የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። እስከ ሚ ድረስ ሁላችንም ጎበዝ ነን። ፋ ላይ ስንደርስ እንበታተናለን። ሶልና ላ ላይ ተመልሰን እንገናኛለን፤ ቲ ላይ እንደገና ብትንትን። አንድ ሙዚቃ የሚያስተምር ዘመዴ ኋላ ላይ በኪቦርድ አሳየኝ። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝታችን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋና ቲ የሉበትም። እኛ ሬዲዮ ስንሰማ ያደግነው በአምስት ድምፅ ነው፤ ማሪያ ሁለት ጨምራ መጣችብን።

ይህን ፊልም በማሪያ ነው የምንወደው ወይስ በዘፈኖቹ? እኔን ብትጠይቁኝ በአባትየው ነው።

የኛን ዘመን አባቶች ታውቋቸዋላችሁ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ በሩ ሲንቋቋ ቤቱ እርጭ ይላል። ሬዲዮ ይቀነሳል፣ ደብተር ይዘረጋል፣ የማያነበውም ያነባል። ክፉ ሰው አልነበረም። እጁን አንሥቶብን አያውቅም። ከልጅ ጋር መሳቅ ግን ክብር የሚያጎድል ይመስለው ነበር።

ካፒቴን ፎን ትራፕም እንዲሁ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ዘፈን የለም። ልጆቹን የሚጠራቸው በፊሽካ ነው፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ድምፅ አለው። ያኔ ምፅዋ ባሕር ኃይል ያገለገሉ ጎረቤት ነበሩን፤ ፊልሙን ከኛ ጋር ያዩ ነበር። ነጭ የደንብ ልብሳቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ። ካፒቴኑ የባሕር ሰርጓጅ አዛዥ ነበር፤ አገሩ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሕሯን አጣች። ልጆቹን አሰልፎ ሲያፏጭ እኛ ስንስቅ እሳቸው አይስቁም። «መርከብ የለውማ፣ ምን ያድርግ?» አሉ አንድ ቀን። ስለዚያ ሰውዬ ከዚህ የተሻለ ትንታኔ እስካሁን አላነበብኩም።

ከዚያ ያ ትዕይንት ይመጣል። ካፒቴኑ ሐይቁ ዳር ከማሪያ ጋር ተጨቃጭቆ፣ ወደ ገዳምሽ ተመለሽ ብሏታል። ወደ ቤት ሲገባ ልጆቹ ለባሮነሷ ሲዘፍኑ ይሰማል። በሩ ላይ ይቆማል። ፊቱ ይለወጣል። ከዚያ እሱም መዝፈን ይጀምራል።

እዚህ ጋ ስንደርስ እኛ ቴሌቪዥኑን አናይም። በጎን አባታችንን ነው የምናየው። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ምንም የለም። ሻዩን ፉት ይላል፣ ጋዜጣውን ያገላብጣል። አንድ ማታ ግን ዘፈኑ እስኪያልቅ ጋዜጣው ሳይገለበጥ ቆየ። እኅቴን በክርኔ ጎሸም አደረግኋት። ከወራት በኋላ ደግሞ ጠዋት ጢሙን ሲላጭ «ኤደልቫይስ»ን ሲያፏጭ ሰማነው። ኮሪደር ላይ ቆመን አዳመጥን። ሲወጣ አየንና «ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» አለን። በቂያችን ነበር።

እውነተኛውን ታሪክ ያነበብኩት እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ነው። ጌዮርግ ፎን ትራፕ ፊልሙ ላይ እንዳለው አልነበረም። ፊሽካው እውነት ነው፤ ግቢው ሰፊ ስለነበር ልጆቹን የሚጠራበት ነው። ማሰለፉና ዘፈን መከልከሉ ግን ፈጠራ ነው። ማሪያ ሳትመጣ በፊትም ከልጆቹ ጋር ሙዚቃ ይጫወት ነበር። ለስላሳና አፍቃሪ አባት እንደነበር ልጆቹ መስክረዋል፤ ፊልሙ ላይ የተሣለው ሰው አባታቸውን ስላልመሰላቸው አዝነዋል። በቁጣዋ የምትታወቀው እንደውም ማሪያ ነበረች። ቤቱ የገባችውም ለሁሉም ልጆች ሞግዚት ሆና ሳይሆን፣ ታማ የቆየች አንዲት ልጅ ልታስተምር ነው። የተጋቡት እ.ኤ.አ. በ1927 ነው፤ ናዚዎች ኦስትሪያን ከመያዛቸው አሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ።

እንግዲህ ለታሪኩ ማማር ሲባል የአንድ ደግ አባት ስም ጠፋ። ልጆቹ ቢቀየሙ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ደጉ አባት እንዳለ ቢቀርብልን ኖሮ ማንም ቤታችን ጋዜጣ ማገላበጡን የሚያቆም አይመስለኝም። አባቴ ያየው ከሱ የባሰ ሰው ሲዘፍን ነው።

አስቂኙ ደግሞ ያ ድምፅ የተዋናዩ አለመሆኑ! ክሪስቶፈር ፕላመር ይዘፍናል፤ ፊልሙ ላይ የምንሰማው ግን ቢል ሊ የሚባል ዘፋኝ ነው። ፕላመር ፊልሙን ለብዙ ዓመታት ሲያፌዝበት ኖሮ በእርጅናው ነው የታረቀው፤ በ91 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2021 አረፈ። ጁሊ አንድሩስ ግን ራሷ ናት የምትዘፍነው። መጀመሪያ ላይ ሜዳው ላይ እየተሽከረከረች ስትዘፍን ተመልከቷት። የሚቀርጻት ሄሊኮፕተር አጠገቧ ባለፈ ቁጥር ነፋሱ ሣሩ ላይ ይጥላት ነበር። ሜዳውም ኦስትሪያ ውስጥ አይደለም፤ ድንበሩን ተሻግሮ ጀርመን ነው።

ስለ ድንበር ከተነሣ፣ መጨረሻ ላይ ቤተሰቡ ተራራ አቋርጦ ወደ ስዊዘርላንድ ሲሸሽ ታያላችሁ። ልጆች፣ የጂኦግራፊ አስተማሪያችሁ እንዳያዩ። ከሳልዝበርግ ተራራውን ብትሻገሩ የምትደርሱት ሂትለር የእረፍት ቤት ወደ ነበረው ወደ ቤርሽተስጋደን አካባቢ ነው። እውነተኛው ቤተሰብ በጠራራ ፀሐይ በባቡር ነው የወጣው፤ ወደ ጣልያን። ጌዮርግ የተወለደበት ዛራ ከጦርነቱ በኋላ የጣልያን ስለሆነ ዜግነቱም ጣልያናዊ ነበር። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1938 ነው። ያን ጊዜ ጣልያን እኛ አገር ምን ታደርግ እንደነበር ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገኝም። ለነሱ የማምለጫ በር የሆነችው የሙሶሊኒ ጣልያን ናት፤ ይህን ባነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ቡና አፈላሁ።

ሰውዬው ግን ፊልሙ ላይ ያለውን ድፍረት በእውነትም ነበረው። ናዚዎች ባሕር ኃይላቸው ውስጥ እንዲያገለግል ጠይቀውት እምቢ ብሏል። ቤተሰቡ ለሂትለር ልደት እንዲዘፍን ሲጠየቅም እምቢ አሉ። ቤት ንብረታቸውን ጥለው አሜሪካ ገቡ፤ በመጨረሻ ቨርሞንት ሰፈሩ።

ልጆች፣ አንድ ቦታ ላሳያችሁ ስለምፈልግ ቅዳሜ የሚመጣ ካለ ይመዝገብ። ሁለተኛው ወረዳ፣ ዳኑብ ዳር ሜክሲኮፕላትዝ አለ። እዚያ የቆመው ድንጋይ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1938 ኦስትሪያ በናዚ ጀርመን ስትዋጥ ሜክሲኮ በመንግሥታት ማኅበር ተቃውሞዋን ማሰማቷን ይናገራል። ሜክሲኮ የሙሶሊኒን ኢትዮጵያን መያዝም አልተቀበለችም። ወላጆቻችሁ አዲስ አበባ ታክሲ ሲይዙ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲባል የሰሙት አደባባይ ስሙን ያገኘው በዚሁ ነው። ሁለቱን ከተሞች አንድ ያደረገው ይህ ነገር ፊልሙ ውስጥ የለም፤ ካፒቴኑ ግን ቤቱ ላይ የተሰቀለውን የናዚ ባንዲራ ሲቀድ ይታያችኋል። እኛ ሰፈር እዚያ ጋ ይጨበጨብ ነበር። ዛሬም ማጨብጨብ ይቻላል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ፊልሙ ሙኒክ ሲታይ በዚያ የነበረው የፊልም ኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ከሠርጉ በኋላ ያለውን በሙሉ አስቆርጦት ነበር። ናዚዎቹ የሚመጡበትን ክፍል ማለት ነው። ተጋብተው በደስታ ኖሩ፣ አበቃ! ኩባንያው ሲሰማ ሰውዬውን አሰናበተው፤ የተቆረጠውም ተመለሰ።

ዛሬ ሁለቱም ክፍል በእጃችን ነው። ማሪያ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ እረፍት እናደርጋለን። ቡናውና ፈንዲሻው ያን ጊዜ ይቀርባል። ከሠርጉ በኋላ ኮት ለብሶ ወደ ባቡር የሚሮጥ እንዳይኖር። ነገ እሑድ ነው። አዋቂዎች፣ የመጀመሪያውን ዘፈን ለልጆቹ ተዉላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይከለክላችሁም። አመሰግናለሁ። እባክህ መብራቱን አጥፋልን።