ራዝቤሪ በጎጃም ጓሮ፦ ግንቦት ላይ ቆርጦ ጥቅምት ላይ መልቀም

ክቡራትና ክቡራን፣ ጓሮ የምታለሙ እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስለ ራዝቤሪ፣ ማለትም እንጆሪ መሰል ለስላሳ ፍሬ ስለሚሰጠው ተክል፣ ስንጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ተክሉ ለምልሟል፣ አገዳው ከሰው ቁመት በልጧል፤ ታዲያ ለምን አያፈራም?» መልሱ ከአፈሩም ከእንክብካቤውም በፊት ዝርያው ላይ ነው።

ራዝቤሪ ሥሩ ለዓመታት ይኖራል፤ ከመሬት በላይ ያለው አገዳ ግን ዕድሜው ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው። አንደኛው ዓይነት አገዳውን በአንድ ዓመት አሳድጎ በሁለተኛው ዓመት ያፈራል። በመካከሉ ረጅም ብርድ ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነበት ጊዜ ተደምሮ እንደ ዝርያው 800 ሰዓትና ከዚያም በላይ መድረስ አለበት። የደብረ ማርቆስ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ቀኑ ግን ይሞቃል፤ ይህን ያህል ብርድ አይጠራቀምም። ስለዚህ እንቡጡ ሳይነቃ ይቀራል ወይም እዚህም እዚያም ተበታትኖ ይነቃል። ሁለተኛው ዓይነት በዚያው ዓመት በበቀለው አገዳ ጫፍ ላይ ያፈራል፤ ብርዱን ብዙም አይጠብቅም። ለእኛ የሚሆነው ይህ ነው። ከታወቁት መካከል እ.ኤ.አ. በ1969 ከኒውዮርክ ጄኔቫ የምርምር ጣቢያ የወጣው ሄሪቴጅና እንግሊዝ አገር ኢስት ሞሊንግ የተዳቀለው ኦተም ብሊስ ይገኙበታል። ችግኝ የሚሸጥላችሁን ሰው «ምን ያህል ፍሬ ይሰጣል?» ከማለታችሁ በፊት «በዘንድሮው አገዳ ነው ወይስ በአምናው የሚያፈራው?» በሉት። መልሱን ካላወቀ አትግዙ።

ከውጭ አገር በሻንጣ ችግኝ ማምጣት ግን ይቅርባችሁ። ያለ ፈቃድና ያለ ምርመራ የገባ ችግኝ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ቫይረስ የያዘውን ተክል ደግሞ የሚፈውስ መድኃኒት የለም።

ቦታን በተመለከተ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ እንጅባራ ያለው ደጋና ወይና ደጋ ይስማማዋል፤ ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 እና በ2,600 ሜትር መካከል ናቸው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች የከሰዓት ጥላ ያስፈልገዋል፤ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ፍሬው ይለሰልሳል። የዓባይ በረሃ ላይ አትሞክሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ራዝቤሪ በብርዳማ አገሮች የበረዶው ወራት አልፎ ሙቀት ሲመጣ የሚነሳ ተክል ነው። እኛ ዘንድ እንደዚያ ያለ የበረዶ ወራት የለም፤ ያንን እረፍት የምንሰጠው በመቀስ ነው። አገዳውን በሙሉ፣ አሮጌውንም አዲሱንም፣ ከመሬት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ ስትቆርጡ ተክሉ ከሥሩ እንደገና ይጀምራል። ከቆረጣ እስከ መጀመሪያው ለቀማ አምስት ወር ገደማ ይፈጃል፤ ከአበባ እስከ ብስል ፍሬ ደግሞ አንድ ወር ያህል። እንግዲህ ወደ ኋላ ቁጠሩ። በግንቦት አጋማሽ የተቆረጠ ተክል በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ያድጋል፤ አደይ ሲፈነዳ፣ ንቡ ሲበዛ ያብባል፤ ጥቅምት ላይ በፀሐይ ይበስላል። የዝናቡን ጊዜ ለቅጠሉ፣ የፀሐዩን ጊዜ ለፍሬው መስጠት ማለት ነው። በየካቲት የቆረጠ ሰው ፍሬው ሐምሌ ላይ ይደርስበታል፤ ያኔ ግራጫው ሻጋታ ከሰው ቀድሞ ይበላዋል።

ንቡን የጠቀስነው ለማስዋብ አይደለም። አንዱ የራዝቤሪ ፍሬ ብዙ ጥቃቅን ፍሬዎች ተያይዘው የሚሠሩት ነው፤ እያንዳንዷ ለብቻዋ የአበባ ብናኝ ማግኘት አለባት። አበባው ዝናብ ላይ ከዋለና ንብ ካልጎበኘው ጎደሎ ሆኖ ይወጣል፣ ሲነካም ይፈረፈራል። ተክሉ በራሱ ብናኝ ማፍራት ይችላል፤ አጠገቡ ቀፎ ያለው ግን ያማረ ፍሬ ይለቅማል። አበባ ላይ ፀረ ተባይ አትርጩ።

ከ2,700 ሜትር በላይ፣ በጮቄ ግርጌ ያላችሁ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሳይቀድመው ፍሬው እንዲለቀም ቆረጣውን ወደ ሚያዝያ አጋማሽ አምጡት። ለሌሎቻችሁ ደግሞ አንድ ዘዴ አለ፤ ግማሹን መደብ በግንቦት መጀመሪያ፣ ግማሹን ከሦስት ሳምንት በኋላ ብትቆርጡ ለቀማው ይረዝማል።

ቀጥሎ ውኃ። እዚህ አገር ራዝቤሪን ከጥማት ይልቅ የሚገድለው የክረምት ጎርፍ ነው። ሥሩ አብዛኛው በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው፤ አየር ያጣ ሥር ይበሰብሳል። ምልክቱ የሚያታልል ነው፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ይጠወልጋል። ሰውም የጠማው መስሎት ውኃ ይጨምራል። ሥሩን አውጥታችሁ ቅርፊቱን በጥፍር ፋቁት፤ ጤነኛው ነጭ ነው፣ የታመመው ቀይ ቡናማ። ሳትተክሉ በፊት ጉድጓድ 40 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ውኃ ሙሉበት። በማግስቱ ውኃው ካልሰረገ ሜዳ ላይ መትከል የለባችሁም። በምሥራቅ ጎጃም ዋልካ አፈር ላይ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደብ ሥሩ፤ ዳርና ዳሩ ላይ ውኃ የሚወጣበት ቦይ ይኑር። ቦዩ መውጫ ከሌለው ግን ኩሬ ነው የቆፈራችሁት።

የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ቀይ አፈር ውኃ ያሳልፋል፤ እሱ ዘንድ ያለው ችግር አሲዳማነት ነው። ራዝቤሪ የሚወደው ፒኤች፣ ማለትም የአሲዳማነት መለኪያው፣ ከ5.6 እስከ 6.5 ነው። አፈራችሁን አስመርምሩና ኖራውን በምርመራው ልክ፣ ከተከላው ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማችሁ ቀላቅሉ። የምድጃ አመድም ይረዳል፤ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ እፍኝ ይበቃል። ከመጠን ካለፈ ተክሉ ብረት ማግኘት ያቅተውና አዲሱ ቅጠል የደም ሥሮቹ አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ቢጫ ይሆናል።

አንድ ነገር አደራ እንላለን፤ ድንች የነበረበት መሬት ላይ አትትከሉ። ጓሯችን ውስጥ ድንች ያልጎበኘው ቦታ ማግኘት ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ድንች፣ ቲማቲምና በርበሬ ቨርቲሲሊየም የሚባለውን የአፈር ፈንገስ ያራባሉ፤ እሱም አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ራዝቤሪን ሲይዝ የታችኛው ቅጠል መጀመሪያ ይገረጣል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይሄዳል፤ አንዳንዴም አገዳው ላይ ሰማያዊ መሰል መስመር ይታያል። ቢያንስ አራት ዓመት ገብስ፣ ጤፍ ወይም በቆሎ የተዘራበትን ቦታ ምረጡ። ከባሕር ዛፍም 15 ሜትር ያህል ራቁ።

ተከላው ዝናቡ ሲጸና፣ በሰኔ መጨረሻ ነው። በችግኝ መካከል 50 ሳንቲ ሜትር፣ በመደብ መካከል 2 ሜትር። ለአንድ ሜትር መደብ በደንብ የተብላላ ብስባሽ አንድ ባልዲ ቀላቅሉ፤ ትኩስ እበት ሥሩን ያቃጥላል። ችግኙ ከነበረበት ጥልቀት በታች አይውረድ፤ ጠልቆ የተተከለ ቀንበጥ ለማውጣት ይቸገራል። ተክላችሁ ስታበቁ አገዳውን 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ቁረጡት፤ ያሳዝናል፣ ግን ኃይሉ ወደ ሥር እንዲሄድ ነው። ላዩን 8 ሳንቲ ሜትር የጤፍ ጭድ ጎዝጉዙ፤ አንገቱን ግን ጭድ አይንካው። ምስጥ ባለበት ቀበሌ ጉዝጓዙን አሳሱት።

ድጋፉ ቀላል ነው። በመደቡ ጫፍና ጫፍ የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ በየ3 ሜትሩ ቀርከሃ፣ ከዚያ በ60 እና በ120 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በግራና በቀኝ ሽቦ። በአንድ ሜትር መደብ 10 ወይም 12 ጠንካራ አገዳ ብቻ ተዉ፤ ከመደቡ ውጭ የሚፈላውን ቀንበጥ ገና ለጋ ሳለ ንቀሉ። እዚህ ላይ ርኅራኄ አያስፈልግም፤ የታፈነ መደብ የሻጋታ ቤት ነው። ዩሪያ ለአንድ ሜትር መደብ በዓመት አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ያውም ለሁለት ተከፍሎ፤ ግማሹ አዲሱ አገዳ ጉልበት ሲደርስ፣ ግማሹ ከአንድ ወር በኋላ። ካበዛችሁት ቅጠል እንጂ ፍሬ አታገኙም።

ዝናቡ ሲያቆም ለአንድ ካሬ ሜትር በሳምንት 25 ሊትር ውኃ ይበቃል። 5 ሜትር ርዝመት ያለው መደብ 3 ካሬ ሜትር ነው፤ 75 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ሊሞላ ጥቂት የቀረው። በሁለት ቀን ከፍላችሁ ሥሩ ላይ አጠጡ፤ ቅጠሉንና ፍሬውን አታርሱ። በበጋ ቅጠሉ ሥር ደቃቅ ድርና ነጠብጣብ ካያችሁ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ደቃቅ ተባይ ነው፤ ድርቅና አቧራ ይወዳል፣ የቅጠሉን ሥር በውኃ በማጠብ ይቀንሳል። ከፍሬው ጥቃቅን ፍሬዎች አንዳንዶቹ ነጭ ሆነው ከታዩ ግን በሽታ አይደለም፤ የደጋው ፀሐይ ነው ያቃጠለው። ስስ የጥላ መረብ ይፈታዋል፤ መረቡ ወፍንም ይከለክላል።

ለቀማው በየሁለት ቀኑ፣ ጤዛው እንደደረቀ ይሁን። በስሱ ስትስቡት ልቡን ተክሉ ላይ ትቶ ከወጣ በስሏል፤ ካስቸገረ ተዉት፣ ከተለቀመ በኋላ አይበስልም። በጠፍጣፋ ዕቃ ከሦስት ድርብ በላይ አትከምሩ፣ ሳይበላ አትጠቡት። ከማቀዝቀዣ ውጭ ከአንድ ቀን በላይ አታሳድሩት።

የተረፈውን ማርማላታ ለምትሠሩ፣ ለ1 ኪሎ ፍሬ 800 ግራም ስኳር በቂ ነው። የባሕር ዳርቻ አገሮች መመሪያ 104 ወይም 105 ዲግሪ እስኪደርስ አፍሉት ይላል። ደብረ ማርቆስ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ 105 ላይ እስኪደርስ የጠበቀ ሰው ስኳሩን ያሳርራል። መጀመሪያ ቴርሞሜትራችሁን ንጹሕ የፈላ ውኃ ውስጥ ከታችሁ አንብቡ፤ በዚያ ላይ 4 ወይም 5 ዲግሪ ጨምሩ፣ እዚህ 97 አካባቢ ይሆናል። ቴርሞሜትር የሌላችሁ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ አድርጋችሁ በጣት ግፉት፤ ከተሸበሸበ ደርሷል፤ በፈላ ውኃ በተቀቀለ ጠርሙስ ውስጥ ትኩሱን አፍስሱና ክደኑ።

አመሰግናለሁ። የአፈር ናሙና ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ድንች መቼ እንደተተከለበት እንዳትረሱ።